የገጠር ቀበሌን ታሪክና አፈ ታሪክ እንዴት እንሰብስብ? ለሐረርና ለድሬዳዋ ዙሪያ የተዘጋጀ መመሪያ

ስለ ጀጎል ግንብና ስላስገነቡት አሚር ኑር፣ በ1847 ዓ.ም. ሐረር ስለ ገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን፣ በ1873 ዓ.ም. በንግድ ስለ መጣው ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርተር ሬምቦ ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። ከጀጎል በሮች ወጥተን ወደ ኤረር ሸለቆ፣ ወደ ኮረሚ ገደል፣ ወደ ደንገጎ አቀበት ወይም ወደ ሽንሌ ሜዳ ስንሄድ ግን የመንደሩን አመሠራረት፣ የምንጩን ስም፣ የመቃብሩን ባለቤት የሚነግረን መጽሐፍ በቀላሉ አናገኝም። የሚነግሩን ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም በዕድሜ የገፉ ናቸው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ተወልዶ ያደገበትን ቀበሌ ታሪክ መጻፍ ለሚፈልግ መምህር፣ ተማሪ፣ የባህልና ቱሪዝም ባለሙያ፣ እንዲሁም ከተማ ተቀምጦ የአያቶቹን አገር ለሚያስብ ሰው ነው። ሥራው ዲግሪ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት፣ ጨዋነትና የሰሙትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ የመጻፍ ሐቀኝነት ግን ግድ ይላል።

ከመሄድ በፊት

መጀመሪያ አካባቢውን ማጥበብ ያስፈልጋል። «የምሥራቅ ሐረርጌ ታሪክ» ብሎ የተነሣ ሰው ከየቦታው ቁንጽል ወሬ ይዞ ይመለሳል። አንድ ቀበሌ፣ አንድ ሸለቆ ወይም አንድ ገበያ የሚያገናኛቸውን ጥቂት መንደሮች የያዘ ሰው ግን ከአንዱ አዛውንት የሰማውን ሌላው ጋ ሄዶ ማመሳከር፣ የተባለውን ቦታ በእግሩ ሄዶ ማየት፣ የጎደለውንም ተመልሶ መጠየቅ ይችላል።

ቀጥሎ ዘመናቸው በትክክል የታወቁ ክንውኖችን በአንድ ገጽ ጽፎ መያዝ ይጠቅማል፤ የገጠር አዛውንት ዓመተ ምሕረት እምብዛም አይጠሩም፤ «ከጣሊያን በፊት»፣ «መሬት ለአራሹ ሲታወጅ» ይላሉ እንጂ። ለዚህ አካባቢ የሚበቃው ዝርዝር አጭር ነው። ግብፆች ሐረርን የያዙት በ1868 ዓ.ም. ሲሆን የለቀቁት በ1877 ዓ.ም. ነው። በምኒልክና በሐረሩ አሚር አብዱላሂ መካከል የጨለንቆ ጦርነት የተደረገው በ1879 ዓ.ም. ነው። ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ ራስ መኮንን ቁልቢ ላይ በሞት ያረፉት በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ነው። የጣሊያን ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው፤ የገጠር መሬት አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ወጣ፤ የሶማሊያ ጦር እስከ ሐረርና ድሬዳዋ ደጃፍ የደረሰበት ጦርነት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ተካሄደ፤ የድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የጨረሰው በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት ነው። አዛውንቱ የሚያወሩት ነገር ከእነዚህ ከየትኛው በፊት ወይም በኋላ እንደሆነ መጠየቅ ብቻውን ግማሹን ሥራ ያቃልላል።

የቀረውን የሚያቃልለው ረመዳን ነው፤ ይህን ዘዴ ብዙ ጀማሪዎች ስለማያውቁት ሰፋ አድርጌ ልግለጸው። የሂጅራ (የእስልምና የጨረቃ አቆጣጠር) ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ረመዳን በየዓመቱ ቀደም እያለ ይገባል፤ በ33 ዓመት ገደማም ወቅቶችን ሁሉ አዳርሶ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የገጠር ሰው ደግሞ ጾሙ በምን ወቅት እንደዋለ ፈጽሞ አይረሳም፤ በበጋ ጥም መጾምና በክረምት ዝናብ መጾም ለገበሬ አንድ አይደሉምና። እንግዲህ አንዲት እናት «የበኩር ልጄን የወለድኩት ረመዳን በሐምሌ ገብቶ፣ ማሽላው ገና ሳያሽት ነው» ቢሉ፣ ረመዳን በሐምሌ የገባባቸውን ዓመታት እንፈልጋለን፤ እነዚህም 1939፣ 1972 እና 2005 ዓ.ም.፣ እንዲሁም በግራና በቀኛቸው ያሉት አንድ ሁለት ዓመታት ናቸው። የእናትየዋ ዕድሜ ከሦስቱ ሁለቱን ወዲያው ይጥላቸዋል። «ያኔ የሶማሊያው ጦርነት አልፎ ነበር ወይስ አላለፈም?» ብለን ብንጨምር ልጁ በ1972 ዓ.ም. ወይም በአጠገቡ እንደተወለደ በድፍረት መጻፍ እንችላለን። ለክርስቲያን ቤተሰብ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ በዓላቱ ከወቅቱ ጋር ስለሚጸኑ በቁልቢ ንግሥ ወይም በፍልሰታ የተነገረ ነገር ወሩን እንጂ ዓመቱን አይሰጥም።

ማንን፣ መቼና እንዴት እንጠይቅ

ወደ መንደር ሲገባ ከቀበሌው ሊቀ መንበር ፈቃድ መቀበል ደንብ ነው። ሊቀ መንበሩ የሚጠቁማቸው አዛውንቶች ግን ብዙውን ጊዜ ስብሰባ ላይ መናገር የለመዱት ናቸውና በእነርሱ ብቻ መወሰን አይገባም። የምንጭ፣ የጋብቻ፣ የወሊድና የረሃብ ዘመን ትዝታ ከሴቶች ዘንድ ነው ያለው። ስለ አንድ አውልያ (የእስልምና ቅዱስ ሰው) መቃብር የሚያውቁት ቦታውን የሚጠብቁት ሙሪድ ናቸው። በድሬዳዋ በኩል ደግሞ በኤረር፣ በሁርሶ፣ በአፍደምና በአይሻ ጣቢያዎች ያገለገሉ የምድር ባቡር ጡረተኞች አሉ፤ ሐዲዱ ያለፈበት አርብቶ አደር መንደር እንዴት ገበያ እንደሆነና ከየት የመጣ ሰው እንደሰፈረበት ከእነርሱ የተሻለ የሚተርክ አይገኝም።

ሰላምታው አይታጠፍ። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናቡ ተጠይቆ፣ ቁጢው (የቡና ቅጠል መጠጡ) ወይም ቡናው ቀርቦ፣ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ መልሱን ካገኘ በኋላ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። ስኳርና ቡና ይዞ መሄድ ጨዋነት ነው፤ ለታሪክ ገንዘብ መክፈል ግን ታሪኩን ያበላሸዋል፤ የተከፈለው ሰው የሚነግረን እኛ የምንፈልግ የመሰለውን ነውና። ሐጂውን «ሐጂ»፣ ሼኹን «ሼኽ»፣ ካህኑን «አባ»፣ ሌሎቹን «አባባ» እና «እማማ» ማለት ይበቃል። ዓርብ ቀትር፣ የአጨዳ ሰሞንና ጫቱ ተቀጥፎ ወደ አወዳይ በሚጫንበት ሰዓት ሰው አያስጨንቁ። «ዐስር» ከሚባለው የከሰዓት ሰላት በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉም ይመቻል።

በርጫ (ጫት እየተቃመ በሚደረግ ጨዋታ) ላይ ብዙ ታሪክ ይወራል፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀጥላል፣ ሦስተኛው ያርመዋል፤ ለአድማጭም ደስ ይላል። ሆኖም በርጫ ላይ የሚያሸንፈው ድምፁ የጎላው ነው። ዝም ብለው የሚያዳምጡት አዛውንት ምናልባት ነገሩን በዓይናቸው ያዩት እርሳቸው ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ በርጫውን ማን ምን እንደሚያውቅ ለመለየት እንጠቀምበት፤ ለመመዝገብ ግን እያንዳንዳቸውን በሌላ ቀን በየቤታቸው እንጎብኝ።

ስለ ቋንቋ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ። የዚህ አካባቢ የገጠር ትዝታ የሚኖረው በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሐረሪና በአርጎብኛ ነው። አዛውንቱን በማይመቻቸው አማርኛ ማስተረክ ታሪኩን ግማሽ ያደርገዋል፤ ዘፈን፣ ምርቃት፣ እርግማንና የዘር ሐረግ ደግሞ ከናካቴው ይጠፋሉ። ድምፁ በራሳቸው ቋንቋ ይቀዳ፤ መጀመሪያ በዚያው ቋንቋ ይጻፍ፤ የአማርኛው ትርጉም ከጎኑ ይቀመጥ። አስተርጓሚ ካስፈለገ የተራኪው ልጅ ባይሆን ይመረጣል፤ ልጅ አባቱን የሚያሳፍር የመሰለውን ቃል እያለሳለሰ ያልፋልና።

ከድንጋይና ከጉድጓድ መጀመር

«የአካባቢውን ታሪክ ይንገሩኝ» የሚል ጥያቄ መልስ የለውም፤ ቢኖረውም ከሬዲዮ የተሰማ ነው የሚሆነው። ጥያቄ የሚጀመረው ፊት ለፊት ከሚታይ ነገር ነው፤ ከዛፍ፣ ከጉድጓድ፣ ከድንበር ድንጋይ፣ ከመቃብር። ከተቻለም አዛውንቱን ይዞ ወደ ቦታው መሄድ ነው። ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«አባባ፣ ይህ የድንጋይ ክምር የማን ነው?»

«እኛ ስንወለድም ነበር ልጄ። የሀርላ ነው ይሉታል።»

«ይሉታል ያሉኝ እነማን ናቸው? ለእርስዎስ ማን ነገረዎት?»

«አያቴ ናቸው። ከብት ስንጠብቅ እዚያ ላይ እንዳንወጣ ይከለክሉን ነበር።»

«ለምን ይከለክሏችሁ ነበር?»

ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ ናቸው ወርቁን የሚያወጡት። የመጀመሪያው መልስ ሁሉም የሚያውቀው ወሬ ነው፤ ከማን እንደተሰማ ሲጠየቅ ግን የሰው ስም፣ ትውልድና የዘመን ልክ ይከተላል፤ ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ እምነቱ ይገለጣል። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ይገባል። ወጣት ጠያቂ ዝምታ ሲረዝም በራሱ ቃል ይሞላዋል፤ አዛውንቱ ግን ዝም ያሉት እያስታወሱ ነው።

ሀርላን ካነሣን ዘንድ ትንሽ እንቆይበት፤ አፈ ታሪክን እንዴት መያዝ እንደሚገባ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ነገር በአካባቢያችን የለም። በሐረርጌ ደጋም ሆነ ቆላ ባለቤቱ የማይታወቅ የፈረሰ ግንብ ወይም ጥንታዊ መቃብር ሲገኝ ለሀርላ ይሰጣል። አንዱ ተራኪ ሀርላዎች ግዙፋን እንደነበሩና ያንን ድንጋይ የዛሬ ሰው ሊያነሣው እንደማይችል ይናገራል። ሌላው ሀብታቸው አኩርቷቸው ፈጣሪን ስለ ዘነጉ በረሃብ እንደጠፉ ይተርካል። ከድሬዳዋ ብዙም በማይርቀው ሀርላ በተባለው መንደር በእንግሊዙ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ በቲሞቲ ኢንሶል የተመራ ቡድን ከኢትዮጵያ የቅርስ ባለሥልጣን ጋር ሆኖ ቆፈረ። ውጤቱ በ2009 ዓ.ም. ሲገለጽ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ የመቃብር ቦታና የጌጣጌጥ መሥሪያ እንደተገኘ ታወቀ፤ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎችም ወጡ። የመስጊዱ አሠራር በደቡባዊ ታንዛኒያና በሶማሌላንድ ከተገኙት ጋር ይመሳሰላል። የተቀበሩት ሰዎች ቁመታቸው እንደ ማንኛውም ሰው ነው።

ታዲያ አዛውንቱ ተሳሳቱ ማለት ነውን? ስለ ቁመቱ አዎ። ነገር ግን እዚያ ቦታ ላይ ከዛሬዎቹ ነዋሪዎች በፊት ሌላ ሕዝብ እንደኖረ፣ ባለጸጋ እንደነበረ፣ በትልልቅ ድንጋይ እንደገነባና ከዚያ እንደጠፋ የሚናገረው ትዝታ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት በእረኞች አፍ ላይ ነበረ። ሰብሳቢው የተረቱን ቃል እንዳለ ይጻፍ፤ የቁፋሮውን ውጤት ለብቻው ያስቀምጥ፤ ተራኪውን ግን ፊት ለፊት አያርም። የታረመ አዛውንት ከዚያ በኋላ የሚናገረው የሚያውቀውን መሆኑ ይቀርና እኛ የምንቀበለውን ይሆናል።

እዚህ ላይ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ገበሬ ሲያርስ ሳንቲም፣ ዶቃ ወይም የተቀረጸ ድንጋይ ሊያገኝ ይችላል፤ ታሪክ ሰብሳቢ መጣ ሲባልም ይዞ ይቀርባል። አይግዙ፤ ቆፍሮ እንዲያወጣም አያበረታቱ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል መገለጽ አለበት፤ ከወጣበት አፈር የተለየ ዕቃም የሚናገረው ነገር እጅግ ያንሳል። ቦታውን መዝግቦ፣ ፎቶ አንሥቶ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይበቃል። በለገ ኦዳና በመሰሎቹ ዋሻዎች የሚገኙትን የከብትና የሰው ሥዕሎች ፎቶ ለማንሣትም ውኃ መርጨት ፈጽሞ አይገባም፤ ለአንድ ፎቶ የፈካው ቀለም እየታጠበ ይሄዳል።

ሁለት ሦስት ዓይነት ትረካ ሲገጥመን

ስለ ጅቡ ገንፎ ሐረር ውስጥ አምስት ሰው ቢጠየቅ አምስት ዓይነት መልስ ይገኛል። የብዙዎቹ ትረካ በጽኑ ረሃብ ዘመን አውልያዎች ሐኪም በሚባለው ጋራ ላይ ተሰብስበው ከጅቦች ጋር ስምምነት እንዳደረጉ፣ ከዚያ ወዲህ በዓሹራ ቀን ቅቤ የበዛበት ገንፎ እንደሚቀርብላቸው ይናገራል። ጅቦቹ የሚበሉት መጠን የመጪውን ዓመት ዕጣ ያመለክታል፤ ስለ መጠኑ ግን ተራኪዎቹ አይስማሙም። ይህን ሥርዓት በየምሽቱ ለጎብኚዎች ከሚደረገው የጅብ ምገባ ጋር መቀላቀል የተለመደ ስሕተት ነው፤ ምገባው በኋላ የመጣ ሌላ ልማድ ነው። ልዩ ልዩ ትረካ ሲገጥም ከሁሉም ተውጣጥቶ አንድ ያማረ ታሪክ መሥራት የሚያጓጓ ነገር ነው፤ ነገር ግን እንዲህ የተሠራውን ታሪክ ማንም ሰው ተናግሮት አያውቅም። እያንዳንዱ በየተራኪው ይጻፍ። የትኛው መንደር የትኛውን እንደሚተርክ ሲታይ ልዩነቱ ራሱ የፍልሰትና የጋብቻ መንገድን ይጠቁማል። ስለ ድሬዳዋ ስም እንኳ የኦሮሞና የሶማሌ አዛውንቶች የሚተርኩት የተለያየ ነውና ሁለቱም በእኩል ክብር መግባት አለባቸው። የጀጎል በሮችም እንዲሁ ሁለት ሁለት ስም አላቸው፤ ኤረር በር የሚባለው በሐረሪ አርጎብ በሪ፣ ፈላና በር የሚባለው አሱም በሪ ነው፤ የገጠሩ ሰው የሚጠራበት ስም አብሮ ካልተጻፈ በኋላ የሚመጣ አንባቢ ስለ ሁለት ቦታ የተወራ ይመስለዋል።

እያንዳንዱን ነገር ስንጽፍ ከሦስት ክፍል በአንዱ እናስቀምጠው፤ ተራኪው በዓይኑ ያየው፣ ካየ ሰው የሰማው፣ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው። ይህ ልዩነት ካልተጠበቀ ዘመን ሲያልፍ ሁሉም እኩል እውነት ይመስላል። በሐረር የሬምቦ ቤት የሚባለው የሚያምር ቤት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ሬምቦ በ1883 ዓ.ም. ታሞ ከከተማዋ ከወጣ በኋላ በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ሆኖ ሳለ ስሙ ግን ከእርሱ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። የሐረሪ ቤት መደብ ቀይ የሚቀባው በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው የሚለውም በ«ይባላል» ይጻፍ፤ ማን እንደሚለውም ይጠቀስ፤ ሰዎች በየቀኑ በሚቀመጡበት መደብ ላይ ሐዘናቸውን ማኖራቸው ራሱ መመዝገብ የሚገባው ታሪክ ነው። ስለ ቁልቢ ገብርኤልም ራስ መኮንን ከዐድዋ ድል በኋላ ስእለታቸውን ፈጽመው ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩ የሚናገረውና ከዮዲት ጉዲት ሸሽተው ታቦት ይዘው የመጡ መነኮሳት በአካባቢው እንደኖሩ የሚናገረው ሁለት የተለያዩ ትረካዎች ናቸውና አይቀላቀሉ።

የማስታወሻው አያያዝ ቀላል ነው። በየገጹ ራስጌ ይህን የመሰለ መግለጫ ይኑር፦ «ኅዳር 12፤ ተራኪዋ የ70 ዓመት ገደማ እናት፤ ቋንቋ ኦሮምኛ፤ ስለ ምንጩ፤ ከአማታቸው የሰሙት፤ በቤታቸው ደጃፍ፣ ምራታቸውና ሁለት ጎረቤቶች ባሉበት።» እነማን እንደነበሩ መጻፉ ትርፍ አይደለም፤ ምራት ባለችበት የሚነገርና የማይነገር አለ። ድምፅ ለመቅዳት ተራ ስልክ ይበቃል፤ ከነፋስ መከለልና በዚያው ምሽት ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ብቻ አይዘንጋ።

ቅርብ ጊዜ የሆነውን መናቅ አይገባም። ለሐረር የመጠጥ ውኃ ይሰጥ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሲደርቅ ያዩ፣ ዓሣ ያጠመዱበት፣ ከብት ያጠጡበት ሰዎች ዛሬም አሉ። ዳርቻው እስከ የት ይደርስ እንደነበር በእግራቸው እየሄዱ ያሳያሉ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ይህን የሚያሳይ አይኖርም።

የማይጻፈውና የሚመለሰው

ስለ ደም፣ ስለ ድንበርና ስለ መሬት የተነገረ ነገር ሁሉ አይታተምም። የማን ጎሳ የማንን ሰው ገደለ የሚለው ታሪክ የተራኪው አያት ዘመን ቢሆንም ዛሬ ቂም ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ድምፁን አስቀምጦ ስሙን ማስቀረት ይሻላል። ስለ አውልያ ቦታዎችም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ዝየራን (መቃብራቸውን መጎብኘትን) የሚወዱም የሚቃወሙም በአንድ መንደር ይኖራሉና፣ እኛን አምነው የተናገሩትን ሙሪድ የክርክር መነሻ ማድረግ በደል ነው። ፈቃድ የሚጠየቀውም ሁለት ጊዜ ነው፤ ከመቅዳት በፊትና ጽሑፉ ካለቀ በኋላ።

ካለቀ በኋላ ጽሑፉ ለተራኪዎቹ በራሳቸው ቋንቋ ይነበብላቸው። ብዙ እርማት የሚገኘው በዚህ ጊዜ ነው፤ የአባት ስም ተቀያይሮ፣ ምንጩ ከጋራው ወዲያ ማዶ ተደርጎ ተጽፎ ይገኛል፤ ሲነበብ የሰማ ጎረቤትም «እኔም አለኝ» ብሎ ይመጣል። ከዚያ አንዱ ቅጂ ለቀበሌው ትምህርት ቤት፣ አንዱ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ሌላው ለሐሮማያ ወይም ለድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ። በሐረር ብራና፣ የጥንት ሳንቲምና የቆየ የድምፅ ቅጂ በብርቱ ድካም ያሰባሰበው የሸሪፍ ሙዚየም ስላለ የድምፁን ቅጂ ለዚያም ማቅረብ ይቻላል። ለተራኪዎቹ ቤተሰቦች ደግሞ የወላጆቻቸው ድምፅ ያለበትን ፋይል በየስልካቸው መጫን ነው፤ ይህን ለማድረግ አዛውንቱ እስኪሞቱ አይጠበቅም።